የሶዌዋ ቀብር

የላሃይ ሥራ ወረርሽኙ ነገ የት እንደሚደርስ ማስላት ነው። በአገሩ ዋና ከተማ በፍሪታውን፣ በሽታውን ለመከላከል በተቋቋመው ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ አንድ የኢቦላ ሕመምተኛ ለስንት ሰው እንደሚያስተላልፍ ይፈልጋል። ከአንድ በላይ ከሆነ በሽታው ይዛመታል፤ ከአንድ በታች ከሆነ ቀስ በቀስ ይከስማል። የአገሩ ዕጣ በዚያች አንድ ላይ ተንጠልጥሏል።

በስሌቱ ውስጥ በሽታው የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው፤ ቤት፣ ሐኪም ቤትና ቀብር። ስለ ቀብሩ የጠየቀው እናቱን ነበር።

«እማ፣ እኛ አገር አንድ ሬሳ ስንት ሰው ያጥበዋል?» አላት በስልክ።

«ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው ሬሳ ልታጥብ ነው?» ብላ ሳቀችበት።

«ለሥራ ፈልጌው ነው።»

«ለተራ ሰው ሦስትም አራትም ይበቃል። ሶዌ ስትሞት ግን በዙሪያው ያለች ሶዌ ሁሉ ትመጣለች። እሱን በኮምፒውተርህ አትችለውም፤ ተወው።»

እናቱ ባይንዱ ራሷ ሶዌ ናት፤ ልጃገረዶችን ጫካ አስገብተው ለአቅመ ሔዋን ከሚያበቁት የሴቶች ማኅበር እናቶች አንዷ። ሶዌ ስትሞት አቻዎቿ ያጥቧታል። ሳትታጠብ ከተቀበረች ነፍሷ ወደ ሙታን ዓለም የሚያሻግረውን ወንዝ አትሻገርም፤ ተመልሳ የመንደሩን ሴቶች ማሕፀን ትዘጋለች ይባላል። ወንድ ደግሞ አስከሬኗን አያይም። ያየ ወንድ ምን እንደሚሆን ላሃይም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ሂሳብ መማሩ ያንን ፍርሃት ከሆዱ አላወጣለትም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ባይንዱ ደወለች። ከጀርባዋ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ይሰማል።

«ሶዌያችን ማማ የዋ አረፈች። ወደ መንደሯ ወደ ፎንዶማ እየሄድኩ ነው።»

«ምን አመማት?»

«ትኩሳት ነበራት አሉ። ኋላ ስቅታ ያዛት።»

ላሃይ ስቅታ የኢቦላ ምልክት እንደሆነ ከሐኪሞቹ ሰምቷል። «እማ፣ እባክሽ ተመለሺ። እንዳትነኪያት።»

«እሷ እኮ ናት ሶዌ ያደረገችኝ። አንተ ስትወለድም የተቀበለችህ እሷ ናት።»

«አውቃለሁ። በሽታው ግን አያውቅም።»

«እኔ ሳልሄድላት ብቀር፣ ነገ እኔን ማን ያጥበኛል?» አለችና ስልኩ ተቋረጠ። ቢደውል፣ ቢደውል መስመር አላገኘም። ፎንዶማ ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ላይ ብቻ ነው።

ለላሃይ የቀረው አንድ መንገድ ነበር። የኢቦላ ሟቾችን ያለ ንክኪ ለሚቀብረው የመንግሥት ቡድን ደውሎ የመንደሩን ስም ሰጠ። የእናቱን ገመና ለመንግሥት አሳልፎ የሰጠ ያህል ተሰማው፤ ቢሆንም ደወለ። ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ። ቡድኑ ደርሷል፤ ሴቶቹ አልተጣሉም፤ አስከሬኑ በከረጢት ታሽጎ፣ መድኃኒት ተረጭቶበት ተቀብሯል። በቢሮው ካርታ ላይ ፎንዶማ አረንጓዴ ሆነች፤ አረንጓዴ ማለት ንክኪ ያልነበረበት ቀብር ነው። ላሃይ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበርና ወርዶ አንድ ሳህን ሩዝ በካሳቫ ቅጠል ወጥ አዝዞ ጥርግ አድርጎ በላ።

በማግስቱ ባይንዱ ከቤቷ ደወለች። ደስ ብሏታል።

«ሰዎችህ መጥተውልን ነበር» አለችው። «ጨዋ ልጆች ናቸው። ሁሉም ወንዶች።»

«ቀበሯት አይደል?»

«የሙዝ ግንድ ቀበሩ።»

ላሃይ ወዲያው አልገባውም።

«ገንዘን ሰጠናቸው። ‹ሶዌ ናት፣ ከረጢቱ ውስጥ የምናስገባት እኛ ነን› ስንላቸው ፊታቸውን አዞሩ። የእናት ልጆች አይደሉ? ማን ደፍሮ ይገልጣል? ማማ የዋን ግን ቀድመን አጥበን፣ ቀብተን፣ በወጓ ሸኝተናታል።»

«አንቺም አጠብሻት?»

«ራሷን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች በኩራት።

ላሃይ የቡድኑን ወንዶች ሊወቅስ ፈለገና አልሆነለትም፤ እሱም ቢሆን ከፈኑን አይገልጥም ነበር። በስሌቱ ውስጥ ለሶዌ ቀብር ብዙ እጅ አስገብቷል፤ ከፈን ፊት ቆሞ ፊቱን ለሚያዞር ወንድ ግን ቦታ አልሰጠም።

ወደ አለቃው ወደ ዶክተር ዴከር ገብቶ ሁሉን ነገረው። ዴከር የፍሪታውን ሰው ነው፤ ሳይቀልድ አይውልም፤ ያን ቀን ግን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ንክኪ ያላቸውን የሚለዩ ሰዎች ወደ ፎንዶማ ላከ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በወረርሽኙ አዋጅ መሠረት በመንደሩ ሬሳ ያሳጠበ አለቃ ይቀጣልና የመንደሩ አለቃ መቃብሩን አሳይቷቸው፣ «የቀበራችኋት እናንተ፤ ምስክሩም እናንተው» አላቸው። ሴቶቹ አንዲትም ሳትቀር ማማ የዋን አልነካንም ብለው ማሉ።

«ወደ እናቴስ ቤት?» አለ ላሃይ።

«ሄደዋል። ‹ልጄ ሥራ በዝቶበት ቃዥቶ ነው› አለቻቸው» አለ ዴከር። ሊስቅ ቃጥቶት ተወው። «በግድ አውጥቼ ላምጣት? ያን ጊዜ ሌሎቹ ሁሉ ጫካ ይገባሉ። አንተ አይደለህ እንዴ ይህን ያሳየኸን? በኃይል ስንሄድ የሚደበቀው እንደሚበዛ?»

እሱ ነበር። በስብሰባ ላይ በሥዕል አስደግፎ ያሳያቸው እሱ ነበር።

ወደ ወንበሩ ተመልሶ ፎንዶማን ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ቀየረ። ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ የሰነበተው የስርጭቱ መስመር ቀና አለ፤ አንድን አለፈ። ኮምፒውተሩ ሬሳውን ካጠቡት እጆች መካከል የትኛው የማን እንደሆነ አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይደውልላት ጀመር። ከጓሮው ክፍል ለብቻዋ እንድትቀመጥ ለመናት። ልታስደስተው እሺ አለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድምፅዋ ጠንካራ ነበር፤ በሳምንቱ መጨረሻ ግን ቀጠነ።

«ራሴን ትንሽ ያዘኝ እንጂ ደህና ነኝ» አለችው። «ፀሐይ ነው።»

«ለሐኪሞቹ ልደውልላቸው፣ እማ?»

«እዚያ ገብቶ ማን ወጣ? ከልጆቼ ጋር ተወኝ።»

«ክፍሉ ውስጥ ለብቻሽ ነሽ?»

«እንደነገርከኝ፣ ለብቻዬ።»

ከጀርባዋ ግን ሳቅ ተሰማ። የእህቱ የማቱ ሳቅ ነው።

«ማቱ ናት እንዴ?»

«ማቱ ናት። ላቤን ልትጠርግልኝ ነው የገባችው። ጎረቤቶችም ጠይቀውኝ ሊሄዱ ነው። ሰው ታምሞ ብቻውን ይተዋል እንዴ፣ ላሃይ?»

በስሌቱ የቤት በር ላይ፣ አንድን ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ የጻፈው ራሱ ነው። ጠረጴዛውን በአንድ እጁ ይዞ አዳመጠ። አንዷ ጨርቁን አቀብሉኝ አለች። ሌላዋ ሕፃን ታባብላለች። አንዲት አሮጊት ታስላለች። ሳያስበው እየቆጠረ ነበር፤ ሁለትን ካለፈ ቆይቷል።

«ላሃይ፣ አለህ?» አለችው።

«አለሁ፣ እማ።»