ቆመው የሚጓዙ ሰዎች

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ይባላል። አዋላጇ ይህን አባባል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ በባሏ ለቅሶ ሰሞን ግን፣ ከጎረቤት በተዋሱት ወንበሮች መካከል ተቀምጣ ሰዎች ስለ ሟቹ የሚናገሩትን ስታዳምጥ፣ አባባሉ ለሌላ ሰው እንጂ ለእሷ ያልተነገረ ሆኖ ተሰማት። እሷ ባሏን ለማመን መቃብር አላስፈለጋትም። ከቤት የሚወጣበትን ሰዓት፣ ጫማውን የሚያስርበትን መንገድ፣ ሊያስነጥሰው ሲል የሚያየውን የግድግዳ ማዕዘን ሳይቀር ታውቅ ነበር።

«እኔ በእሳቸው አውቶቡስ ሻይ በብርጭቆ ይዤ ገብቼ አውቃለሁ» አለ ጎረቤታቸው የሆነው ጥርስ ሐኪም። «ክሊኒኬ ደጃፍ ስወርድ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችብኝም።»

«የእኔ እናት ደግሞ» አለች ከአጠገቡ የተቀመጠች ሴት ቀበል አድርጋ፣ «እዚያ አውቶቡስ ላይ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ተኝታ እየሄደች ስንት ቀጠሮ አምልጧታል መሰላችሁ!»

ሰዎቹ ለቅሶ ቤት የሚፈቅደውን ያህል፣ ትከሻቸውን ብቻ እየነቀነቁ ሳቁ።

«ጋሽ ዝግታ!» አለ ጥርስ ሐኪሙ ራሱን እየወዘወዘ። «ያንን ስም ያወጣላቸው ተሳፋሪ ምን ያህል ቢያውቃቸው ነው! በሕይወት ዘመናቸው አንዲት ቀን እንኳ ፈጥነው የነዱ አይመስለኝም።»

ይህን ጊዜ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ትኬት ቆራጭ ሳቁን ለማፈን ቢሞክርም በአፍንጫው አመለጠው። ወዲያው መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ሸፈነ። በሐዘን የተሸነፈ መስሏቸው ከጎኑ የተቀመጡት ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። አዋላጇ ግን አላመነችውም። ከሕመም የሚወጣን ጩኸትና ከፍርሃት የሚወጣን ጩኸት ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሲለይ የኖረ ጆሮ፣ በመሐረብ አይታለልም።

ትኬት ቆራጩን ሁሉም ሰው ፊሽካ ይለዋል። የአውቶቡሱ በር ሲዘጋ በጣቶቹ መካከል ያፏጭ የነበረው ፉጨት ስሙን ውጦት ቀርቷል። ከጋሽ ዝግታ ጋር ለብዙ ዘመን በአንድ አውቶቡስ ሠርቶ ነበር፤ ሾፌሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህም አዋላጇ ተረኛ በምትሆንባቸው ቀናት እየመጣ ያጫውተው እንደነበረ ታውቃለች። ምን ይጫወቱ እንደነበረ ግን ጠይቃ አታውቅም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ስለ ድሮው ሥራቸው ከማውራት ሌላ ምን ይሠራሉ?

ባዶ ብርጭቆዎች ሰብስቦ ወደ ማድ ቤት ሲገባ ተከተለችው።

«ምን አሳቀህ?»

«እኔን? ኧረ እትዬ! ሐዘን እኮ ነው...»

«ፊሽካ፣ ሐዘን በአፍንጫ አይወጣም።»

ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ እያስቀመጠ ጊዜ ገዛ። ቀና ሲል ዓይኖቹ እንባ ያቀረሩ፣ ከንፈሮቹ ግን አሁንም ከሳቅ ጋር የሚታገሉ ነበሩ።

«‹ፈጥነው ነድተው አያውቁም› ሲሉ ጊዜ አቃተኝ። ይቅር ይበሉኝ። ጋሽዬ እኮ አንድ ሙሉ ከተማ አተራምሰዋል።»

«የምን ከተማ?»

«ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን።»

አዋላጇ የማድ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርዝ ያዝ አደረገች። ቀብራዋለች፤ በዓይኗ አይታ፣ አፈር ሲመለስበት ቆማ። ይኸው ግን ገና አሁን ስለ ባሏ የማታውቀውን ነገር ትኬት ቆራጭ ይነግራት ጀመር።

*

ሳይጋቡ በፊት እሱ በአንድ ጋራዥ ይሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተጠገነች መኪና «ልሞክራት» ብሎ አወጣና ከነርስነት ትምህርት ቤቷ ደጃፍ ጠበቃት። ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ገላጣ ሜዳ ወሰዳት። እዚያ ሲደርሱ ምንም ሳይናገር መሪውን ጠምዝዞ የእጅ ፍሬኑን ሳበው። መኪናዋ በጭራዋ ዞረች፤ ሰማይና ፋብሪካ፣ ፋብሪካና ሰማይ ተፈራረቁ፤ አቧራው መስኮቶቹን ሸፈነ። መኪናዋ ስትቆም እሷ በሳቅ ብዛት ስቅታ ይዟት ነበር።

«ደግመው!» አለችው፤ እሱም ደገመው።

በኋላ ልጅ ተወለደች፤ እሱም የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሆኖ ተቀጠረ። ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ሲመለስ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ነበር። እራት ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «ወንበር ያገኘ ሰው ራሱን ይችላል» አላት። «ቆሞ የሚጓዘው ግን የቆመው በእኔ እግር ላይ ነው። እግሬ ከደነገጠ እሱ ይወድቃል።» ከዚያች ምሽት ጀምሮ እግሩ ደንግጦ አያውቅም። በአውቶቡስም ሆነ በእግሩ፣ በንግግሩም ሆነ በቁጣው፣ ሁልጊዜ ከኋላው የቆሙ ሰዎች ያሉ ይመስል በዝግታ ኖረ።

አዋላጇ ይህን ሰው አከበረችው፤ ወደደችውም። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ፣ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተኝተው ሳሉ፣ ያኛው ይናፍቃት ነበር። አጠገብ የተኛን ሰው መናፈቅ ለማንም የማይነገር ነገር ነው፤ እሷ ግን ለራሱ ነገረችው።

«ያ ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ የነበረው ልጅ የት ገባ?»

«ጡረታ ወጣ» አላት በጨለማው ውስጥ።

«ሳይሰናበተኝ?»

እጇን ፈልጎ ያዘ። እሷም ደግማ አልጠየቀችውም።

*

ኮምፒዩተሩ በጓዳው ውስጥ፣ ልብስ በሚተኮስበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። የልጃቸው ንብረትም አልነበረም፤ በሌላ ከተማ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት የሰጣት ነው። ለአባቷ ዜና ማንበቢያ ብላ ትታለት ነበር፤ አሁን መሥሪያ ቤቱ ስለጠየቃት ነገ ስትመለስ ይዛው ልትሄድ ነው። ባሏ ከሞተበት ቀን ወዲህ ማንም አልነካውም። ያን ዕለት ባሏ «ዳቦ ገዝቼ ልምጣ» ብሎ ለጎረቤት በአጥር ላይ ተናግሮ ወጣ፤ ልቡ ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ አላሳለፈውም።

ፊሽካ አንድ ቁልፍ ነካ አደረገ። ስክሪኑ በራ፤ ወዲያውም ጓዳው ውስጥ የሞተር ድምፅ ተሰማ። በአንድ ሕንፃ ጣራ ላይ ትንሽ ቢጫ መኪና ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ከጣራው ባሻገር ከተማ አለ፤ ድልድዮች፣ አደባባዮች፣ የትራፊክ መብራቶች፣ አንድም ሰው የሌለባቸው ሰፋፊ መንገዶች።

«ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የሄደው» አለች አዋላጇ።

«ጨዋታው በብሮውዘር፣ በኢንተርኔት ገጽ ላይ ነው የሚከፈተው፤ እንደ ልብ መንዳት ነው፤ ፖሊስ የለ፣ ማለቂያ የለ» አለ ፊሽካ ቶሎ ብሎ። «ጎማ ባንሸራተቱ ቁጥር ነጥብ ይሰጣል። እትዬ ይሙቱ፣ ጋሽዬ በድልድዩ ላይ በጎን ነበር የሚሻገሩት! ግን ምን ያደርጋል፣ ይህችን ትንሽ መኪና መታጠፊያ ላይ እንደ አውቶቡስ ሰፋ አድርገው ነው የሚያዞሯት። ደግሞ በዚያ ፍጥነት መጥተው ፌርማታ ሲያዩ ቀጥ! ‹ማን ሊወርድልዎት ነው?› ስላቸው፣ ‹አፍህን ዝጋ፣ ትኬትህን ቁረጥ› ይሉኛል።»

አዋላጇ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ይህን ጊዜ ነበር፤ ሳቁም አስደነገጣት።

«ለምን ደበቀኝ?»

«አልደበቁዎትም። ይህ ፊት ለፊት ያለው መንደርደሪያ ይታይዎታል? ከዚህ ጣራ ወደዚያኛው ጣራ መዝለያ ነው። ‹ይህን ዘልዬ ነው የምጠራት፤ አጠገቤ አስቀምጬ አሳያታለሁ› ይሉ ነበር። እምቢ አላቸው እንጂ። መንደርደሪያው ጋ ሲደርሱ ፍሬን ይነካሉ። ‹አይንኩ!› እላለሁ፤ ‹አልነካም› ይላሉ፤ ይነካሉ። ጣታቸው አይሰማም። ባዶዋን መኪና፣ ከኋላ ሰው የቆመባት ይመስል! ከዚያ መሐል መንገድ ላይ ዱብ።»

ወደ ስክሪኑ ቀረበች። በጣራው ወለል ላይ፣ ከመንደርደሪያው በፊት፣ አጫጭር ጥቁር መስመሮች ተጋድመዋል። የጎማ ምልክቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሙከራ አንድ አንድ ጥንድ ትቷል። ከሁሉም ኋላ ቢጫዋ መኪና ፊቷን ወደ ጠርዙ አድርጋ ለሌላ ሙከራ ተዘጋጅታ ቆማለች። አዋላጇ በጣቷ መስታወቱ ላይ መስመሮቹን ነካች።

«‹ፈረቃ የማይኖርሽን ቀን ንገሪኝ› ይለኝ ነበር» አለች በቀስታ። «የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሊጠግን መስሎኝ።»

«እማዬ!» ልጇ በሩ ላይ ቆማለች። «ምንድን ነው የሚሰማው? ሰው እያለቀሰ...»

«የሚያለቅስ የለም፤ ሻይ እየጠጡ ነው። ነይ ግቢ፣ የአባትሽን መኪና እዪ።»

ልጅቱ ገባች፤ ፊሽካም ሁሉንም እንደ አዲስ በሹክሹክታ ነገራት። መጀመሪያ አፈረች፤ ቀጥሎ ወንበሩን ደገፍ ብላ ስክሪኑን አየች። በመጨረሻ የሚቀጥለውን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ናት።

«ነገ ሳጠፋው ይህ ምን ይሆናል?»

«ገጹ ሲዘጋ መኪናዋ ወደ ከተማው መሐል ትመለሳለች» አለ ፊሽካ። «የጎማው ምልክትም ይጠፋል። ነጥቡን እንጂ የቆሙበትን ቦታ አያስቀምጥም።»

ሦስቱም ሞተሩን አዳመጡ።

«ፎቶ ላንሳልሽ፣ እማዬ።»

«አባትሽ የቆመበት ፎቶማ ግድግዳው ሙሉ ነው።»

«እንግዲያው እኔ ልዝለልልዎት» አለ ፊሽካ። «እኔ በአንድ ሙከራ ነው የምሻገረው፤ በዚህም በጣም ነበር የሚናደዱብኝ።»

«አንተ ከዘለልከው የአንተ ነው።»

አዋላጇ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። መሪ ይዛ አታውቅም። እጆቿን እንደ ሥራ ቦታዋ ልማድ በቀሚሷ ላይ ጠራረገችና በቁልፎቹ ላይ አንዣበበቻቸው፤ ሆኖም አልነካችም። መኪናዋ የቆመችበት ቦታ እሱ በዚህ ዓለም የተወው የመጨረሻ ነገር ነው። ጣቷ አንዴ ካረፈ ያ ቦታ አይመለስም። ካላረፈም ነገ ልጇ ገመዱን ስትነቅል ይጠፋል። መጠበቅ የሚቻል ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኳን ትጠብቀው ነበር።

«ይህ ወደ ላይ የሚያመለክተው ቀስት ነዳጅ ነው» አለ ፊሽካ ከትከሻዋ በላይ። «ተጭነው አይልቀቁ። ጠርዙ ጋ ሲደርሱ ልብዎ ‹ልቀቂ› ይልዎታል። እንዳይሰሙት።»

«ስለዚህማ እኔን አታስተምረኝ። ‹አልችልም፣ ልተወው› የምትልን ሴት እጅ ይዤ ነው ያረጀሁት።»

ተጫነች። ጎማዎቹ ጮኹ፤ ቢጫዋ መኪና ተፈናጠረች። ጥቁሮቹ መስመሮች ከሥሯ አለፉ፤ ሁሉም ቀርተው ባዶ ወለል ሆነ። መንደርደሪያው ስክሪኑን ሞላው። ልቧ በእርግጥም «ልቀቂ» አላት፤ ጣቷ ነጣ እንጂ አልተነሣም። ከዚያ የጎማው ድምፅ ጠፋ። በዝምታው ውስጥ ከተማው ሁሉ፣ መንገዶቹና ባዶ ፌርማታዎቹ፣ ከታች ተዘርግቶ ታየ፤ ልጇም የእናቷን ትከሻ ጨመደደች።

የፊት ጎማዎቹ የማዶውን ጣራ ጠርዝ መቱ። መኪናዋ ነጥራ ወደቀች፤ በጎን ተንሸራተተች፤ ዞረች፤ ጭስ ውስጥ ቆመች።

ፊሽካ ራሱን ረስቶ ጣቶቹን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አፏጨ። በሳሎኑ የነበረው ወሬ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

«ምን ተፈጠረ?» አለ የጥርስ ሐኪሙ ድምፅ ከወዲያ።

«ምንም» አለች ልጅቱ በእንባ መካከል። «ምንም አይደለም፤ ሻያችሁን ጠጡ።»

ጭሱ ሲገለጥ መኪናዋ ፊቷን ወደ መጣችበት አዙራ ነበር። ከማዶ፣ ከመንገዱ በላይ፣ የፊተኛው ጣራ ባዶውን ይታያል። ፊሽካ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ልጅቱ ክንዱን ይዛ ከለከለችው።

አዋላጇ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ በተቀመጠችበት ወንበር ላይ ቀስ ብላ ወደ ዳር ፈቀቅ አለች፤ የወንበሩ ግማሽ ባዶ እስኪሆን ድረስ።

በማግሥቱ ልጅቱ ኮምፒዩተሩን ይዛ ተመለሰች። መሥሪያ ቤቷ ለሌላ ሠራተኛ ከመስጠቱ በፊት በውስጡ የነበረውን ሁሉ አጠፋው።