በሹክሹክታ የሚነገር መርዶ

"ጋሼ፣ ፕሊስ ጫማችሁን እዚሁ አውልቁ። ታች ያሉት ሰዎች ኮቴ ይሰማቸዋል" አለ ፋኑኤል፣ የአፓርታማውን በር ገርበብ አድርጎ።

ወንዳፍራሽ እየተነጫነጨ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። ገና አልነጋም። የፋኑኤል እናት የውብዳር፣ ታናሽ ወንድሟ ኢሳቅ አዲስ አበባ መሞቱን አልሰማችም። መርዶ ነጋሪዎቹ ከኖርዝጌት ሰፈር ተጠራርተው እሷ ወደምትኖርበት ሊንውድ ድረስ የመጡት ሥራ ሳትሄድ፣ ስልክም ሳይቀድማቸው ሊያገኟት ነው።

"ሶ፣ ቀስ ብላችሁ ትነግሯታላችሁ፤ ከዚያ ሁላችንም ቺል እንላለን። የሕንፃው ማኔጀር በጩኸት ዋርኒንግ ሰጥቶናል።"

"ቺል?"

"ረጋ ማለት ነው፣ ጋሼ።"

"ትርጉሙን አንተ ልታስተምረኝ ነው?"

ታክሲ ሲነዳ ስንት ዓመት የሰለቸው ቃል ነው። ትምህርት ቤት ሲማረው ብርድ ነበር፤ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ። እዚህ አገር ግን ቢራው ቺል ይደረጋል፣ ቅዳሜ ቺል ይደረጋል፣ የተበደለ ሰው አፉን ከከፈተ ቺል በል ይባላል። ልክስክስ ቃል! አሁን ደግሞ ለቅሶ ቤት ሊገባ መጣ።

የውብዳር የሥራ ዩኒፎርሟን እየቆለፈች ከመኝታ ቤት ወጣች። በዚህ ሰዓት በካልሲ የተደረደሩትን ሰዎች ስታይ እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ።

"ማነው? ኢሳቅ ነው?"

"እግዜር ያጽናሽ፣ የውብዳር" አለ ወንዳፍራሽ።

ጩኸቷ ገና ከመውጣቱ ፋኑኤል "ማሚ፣ ቺል፣ ቺል" እያለ አቀፋት። ወለሉን አየች፣ ልጇን አየች፣ የሶፋውን ትራስ ስባ ፊቷን ቀበረችበት። ትከሻዋ ብቻ ይርገፈገፋል። ከወንዳፍራሽ ጋር ሊያስለቅሱ የመጡት እነ ወይዘሮ ሥራዬ እንኳን አፍንጫቸውን በሶፍት እየጠረጉ ይንሾካሾካሉ። ወንዳፍራሽ ሁሉንም ናቃቸው። ሰው ሞቶባቸው ሳይሆን ላይብረሪ የገቡ ይመስላሉ!

"ወንድሟ እኮ ነው የሞተው፣ አንተ!"

"አይ ኖው፣ ጋሼ። የእኔም አጎት ነው። ግን ከዚህ ቢያስወጡን የት እንገባለን? እርስዎ ጋ?"

ወንዳፍራሽ ቤቱን አሰበ። ያቺ አንድ ክፍሉ ለራሱም አትበቃውም።

ከታች ወለሉ በእንጨት ተደበደበ። አንድ ሰው እንኳን ድምፅ አውጥቶ ሳያለቅስ! ፋኑኤል ደንግጦ ወደ በሩ ዞረ።

ወንዳፍራሽ ትራሱን ከየውብዳር ፊት ቀስ አድርጎ ወሰደና ወለሉ ላይ ጥሎ ተቀመጠበት።

"በዪ እንጂ፣ እህቴ" አላት።

እሷ ግን አሁንም ወደ ልጇ ታያለች። ስለዚህ ራሱ ጀመረው፤ ደረቱን መታና ባለ በሌለ ድምፁ "ወይኔ ኢሳቅ!" ብሎ ጮኸ።