ያልተቀመሰው ጭማቂ

ህይወት ከትምህርት ቤት ተመልሳ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ብርጭቆውን አየችው። ጠዋት ሞልታ የሰጠቻቸው ጭማቂ እንደሞላ ከአማቷ መደብ አጠገብ ተቀምጧል። አንዲት ጉንጭ እንኳ አልጎደለም። የሞከረችው ዝንብ ብቻ ናት፤ እሷም ጠርዙ ላይ ከደረሰች በኋላ ሐሳቧን የቀየረች ትመስላለች።

«እማማ፣ ዛሬም አልጠጡም?»

«እጠጣዋለሁ ልጄ፣ ቀስ ብዬ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል፣ ከሚፈትሉት ጥጥ ቀና ሳይሉ። «አሁን ሆዴን ነፋ አድርጎኝ ነው።»

ትናንት ጥርሳቸውን ነበር ያመማቸው። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ቀዝቃዛ ነገር ደረታቸውን እንደሚወጋቸው ነግረዋታል፤ ያውም መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ዶሮ እንኳ ጥላ ፍለጋ አጥር ለአጥር በምትሄድበት በሚያዝያ ሐሩር። ህይወት የሚመጣባትን ቃል ዋጥ አድርጋ ብርጭቆውን አነሳች። ክፍል ሙሉ ጎረምሳ በዓይኗ ብቻ ጸጥ የምታሰኝ የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ አንዲት አሮጊት ጭማቂ ማስጠጣት ግን አቅቷታል።

ነገሩ ቀልድ ቢሆን ኖሮ ትስቅበት ነበር። አማቷ ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም አጠገብ ካለው ቤታቸው፣ በወገብ ሕመም ተጠቅልለው፣ በሰው ትከሻ ወደ መኪና መንገድ ከወጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ደብረ ታቦር ላይ የመረመራቸው ሐኪም የኩላሊት ጠጠር ነው አለ። አንደኛው ኩላሊት ተጎድቷል፤ ሁለተኛው ላይ ከደገመ ማዳኑ ይቸግረናል አለ። ጠላ ይቅር፣ ፈሳሽ ግን ቀኑን ሙሉ ይጠጡ፣ ሎሚ ያለበት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል ብሎ አሰናበታቸው። የህይወት ባል አንተነህ እናቱን ወደ ገጠር መመለስ አልሆንልህ ስላለው እቤቱ አመጣቸው። እሱ በደብረ ታቦር መስመር ሚኒባስ ይነዳል፤ ማለዳ ወጥቶ ማታ ይገባል። ስለዚህ ኩላሊቱ የእናቱ ቢሆንም ሥራው የህይወት ሆነ።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ደግሞ ባዶ ውኃ አይወዱም። ባዶ ውኃ የከብት ነው ይላሉ። ህይወት እንግዲህ ሎሚም ይኑረው፣ ያስጎምጅም ብላ ከስልኳ ላይ የፍራፍሬ መጠጥ አሠራር ፈልጋ አገኘች። ከስማዳ ቆላ የሚመጣውን ሎሚና ብርቱካን ገበያ ወርዳ በዘንቢል ትገዛለች። አጥባ፣ ከነልጣጩ ቆራርጣ፣ ከዝንጅብል ጋር በሙቀጫ ትወቅጠዋለች፤ ስልኩ ላይ ያለችው ሴትዮ ጥቅሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው ብላ ምላለችና። የተወቀጠውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ትንሽ እንስራ ውስጥ ትዘፈዝፍና፣ ፍሪጁ መብራት በሄደ ቁጥር ቁም ሳጥን ስለሚሆን፣ እንስራውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ታሳድረዋለች። ጠዋት በንጹሕ ሻሽ አጥልላ፣ ስኳሩን ፈርታ፣ አንዲት ማንኪያ ማር ጣል ታደርግበታለች። ሲያዩት ቢጫው ዓይን ይስባል፤ ሽታውም ቤቱን ያውደዋል።

የጀመረችው በዐቢይ ጾም ነበር። የአማቷን ጾም የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረ ሥላሴ ለሕመማቸው ሲሉ ፈትተውላቸዋል። ህይወት ራሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፏን ሳትሽር፣ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ጭማቂውን አጥልላ ሰጥታ ወደ ትምህርት ቤት ትሮጣለች። አማቷ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ» ብለው መርቀው አጠገባቸው ያስቀምጡታል። ስትመለስ እዚያው ነው። «ቄሱ ቢፈቱኝም ልቤ እሺ አላለኝም» ይላሉ። ይሁን፣ አለች ህይወት፤ የዕድሜ ልክ ጿሚ ናቸው። ፋሲካን እንደ ደመወዝ ቀን ጠበቀችው። ፋሲካ ካለፈ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ የት ይገባሉ ብላ ነበር።

ገቡ እንጂ። ጥርስ አለ፣ ደረት አለ፣ ሆድ አለ።

ችግሩ ከጭማቂው ይሆን ብላ አልጠረጠረችም ማለት አይደለም። ጎረቤቷን ቤቲን ጠርታ አንድ ብርጭቆ ሰጥታታለች። ቤቲ አንዴ ጎንጨት አድርጋ፣ «አንቺ፣ ይሄን እኮ ብትሸጪው ያዋጣሻል» አለች። ፀጉር ቤቷን ክፍት ትታ እንደመጣች ያስታወሰችውም ያኔውኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ቡና ልትጠራ ስትመጣ ከደጅ አታልፍም። አንተነህም አንድ ማታ ቆሞ ቀመሰ፣ «አሪፍ ነው፣ ግን የእማዬን ድርሻ አልሻማም» ብሎ ለራሱ ለስላሳ ሊገዛ ወጣ። ህይወት አዛኝነቱ ደስ አላት።

ከዚያ በረንዳው ጥግ የተተከለው ጤና አዳም ቢጫ መሆን ጀመረ። ውኃ አነሰው ብላ ውኃ ብትጨምርለት ባሰበት። ሐሙስ ዕለት ስብሰባ ቀርቶ ቀደም ብላ ስትገባ አማቷ ጎንበስ ብለው ብርጭቆውን ቀስ አድርገው ሥሩ ላይ ሲያንቆረቁሩ ደረሰችባቸው። ሁለቱም ደነገጡ።

«እፉኝት እንዳይጠጋ ብዬ ነው» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል።

ህይወት እጆቿን አየቻቸው። በሎሚ አሲድ ጣቶቿ ተላልጠዋል፣ ጠመኔ ስትይዝ ይለበልባታል። ለጤና አዳም። ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታ ለአንተነህ ደወለች።

«እናትህ ሊገድሉኝ ነው» አለችው። «የምሠራላቸውን ጭማቂ አትክልት ያጠጡታል። እኔ ከእንግዲህ አልችልም።»

«እማዬን ታውቂያት የለ፣ ቀስ ብለሽ አባብያት» አለ አንተነህ፤ ከኋላው ረዳቱ ወራጅ አለ ይላል።

«አንተ ና አባብላት» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እንዲያው አስሬ ቀስ በይ የሚላት ሰው ራሱ በመንገድ ላይ በስንት ፍጥነት እንደሚነዳ ታውቃለች።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሕመሙ መጣ። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል እንዝርቱን ጣል አድርገው ጎናቸውን ይዘው መደቡ ላይ ተኮራመቱ። ድምፅ አላሰሙም፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ፣ ከንፈራቸው ነጣ። ህይወት ውኃ አሙቃ፣ ፎጣ ነክራ ወገባቸው ላይ አደረገችላቸው። የመጀመሪያው ቀን እንደዚህ ነበር የጀመራቸው። ሁለተኛው ኩላሊት ይሆን? ሐኪም ቤት እንሂድ ብትላቸው፣ «ያልፋል፣ ያልፋል» እያሉ እጇን ጨበጡት። አለፈላቸው፤ ሲመሽ ተነሥተው እንደገና እንዝርታቸውን ያዙ። የህይወት ድንጋጤ ግን አላለፈም፤ አድሮ ንዴት ሆነ። ዓይኗ እያየ፣ ሴትዮዋ ብርጭቆው አጠገባቸው እያለ ሊሞቱ ነው።

እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ቄስ ገብረ ሥላሴን ከቤተ ክርስቲያኑ ዐውደ ምሕረት ላይ ይዛ ጉዳዩን ነገረቻቸው። «አባ፣ እኔ አቅቶኛል። እርስዎ ይዘዟቸው፤ የርስዎን ቃል አያልፉም» አለቻቸው። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፤ መጡ።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ። ህይወት ሌሊቱን የዘፈዘፈችውን አጥልላ ሁለት ብርጭቆ ሞልታ አቀረበች፤ አንዱን ለቄሱ፣ አንዱን ለአማቷ። ቄስ ገብረ ሥላሴ ባርከው፣ ከቅዳሴ የወጣ ሰው እንደሚጠጣ ረጅም ጉንጭ ሳቡ። ዓይናቸው የጣሪያውን ማገር ከዳር እስከ ዳር ተከተለ።

«ደግ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ብርጭቆውንም በጣም በጥንቃቄ መሬት ላይ አኖሩት። ጉሮሯቸውንም ጠረጉና ወደ አሮጊቷ ዞሩ። «ወለተ ሚካኤል፣ ምነዋ? ልጅቱ ስላንቺ ትለፋለች፣ አንቺ አልጠጣም ትያለሽ አሉ።»

«አልጠጣም አላልሁም አባ።»

«እንግዲያ ጠጪዋ።»

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል የያዙትን ብርጭቆ አዩት። ከዚያ ወደ ህይወት ዘረጉት።

«ትቅመሰውና እጠጣለሁ» አሉ።

ህይወት ፊቷ ጋለ። የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ቀምሶ እንደሚሰጥ እሷም ታውቃለች፤ የጠላና የአረቄ ወግ ነው፣ ምን እንዳይኖርበት ተብሎ እንደሚቀመስም ታውቃለች። እንግዲህ ይሄ ሁሉ ወራት ይሄ ነበር? መርዝ? ጣቷ እስኪላላጥ የሠራችላቸው፣ በገዛ ቤቷ፣ በቄስ ፊት? ጨጓራዋ ሎሚ እንደማይችል አንተነህም እሳቸውም ያውቃሉ። ይቃጠል ጨጓራው።

«እሺ» አለች። «እሺ፣ ልቅመስልዎት።» ብርጭቆውን ነጥቃ እስከ ግማሽ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

መራራው ከምላሷ ተነሥቶ እስከ ጆሮዋ ሥር ጨምድዶ ያዛት። ኮሶ እንኳ እንዲህ አይመርም። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ መዋጥም መትፋትም አቅቷት ቆመች፤ በቄስ ፊት አይተፋምና ዋጠችው። በጾም ሳትቀምስ ጀመረችው፤ ወጡም ቢሆን በጾም በዓይንና በአፍንጫ ነው የሚሠራው። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ ጨጓራዋን ሰበብ አድርጋ እንደለመደችው ቀጠለች። ልጣጩ፣ ፍሬው፣ ከልጣጩ ሥር ያለው ነጩ ስልባቦት ሁሉ ተወቅጦ ሲያድር ምን እንደሚወጣው አንድም ቀን አልቀመሰችም።

ቄስ ገብረ ሥላሴ አሁንም ማገሩን ያያሉ።

«እማማ» አለች ህይወት አፏን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ «ይሄን ነው ስሰጥዎት የከረምሁት?»

«ይኸንኑ ነው ልጄ።»

«እና ዝም ብለው አዩኝ? መራራ ነው አይሉኝም?»

«አንድ ቀን ትቀምሰዋለች ብዬ ጠበቅሁ።»

«ጠጠር ይዘው? ያን ሕመም ይዘው ይጠብቁኛል?» አሁን ድምፅዋን መግታት አልቻለችም። «በይሉኝታ ኩላሊትዎን ሊሰጡ ነበር? ቤቲ ብትሸጪው ያዋጣል አለችኝ፣ ልጅዎ አሪፍ ነው አለኝ፣ አሁን አባ ደግ ነው አሉኝ። በዚህ አገር እውነት የሚናገር አፍ የለም ወይ?»

ቄሱ ጢማቸውን አሻሹ።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ። ሲናገሩ ለህይወት ሳይሆን ለጣታቸው የሚናገሩ ይመስላሉ።

«ኩላሊቱስ የኔ ነው፤ የሆነው ይሁን። ቤቱ ግን ያንቺ ነው። የሠራሽልኝን መራራ ነው ብዬሽ ቅር ቢልሽ እኔ የት እገባለሁ? ቤቴ ተዘግቷል፣ ላሚቱም ተሸጣለች። በልጅ ሚስት ቤት ተቀምጦ ምግብ ማማረጥ ደግ አይዶለም።»

የህይወት ንዴት አልጠፋም፤ እዚያው ነበር፣ ግን የሚያርፍበት ሰው አጣ። እኚህ ሴት ቤቷ ውስጥ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲኖሩ፣ ጠዋት ጠዋት ሲመርቋት፣ እንዳትቆጣ እየፈሩ ነበር። እሷም ብርጭቆውን አቀብላ ሰዓቷን እያየች ስትወጣ አንድ ቀን እንኳ አጠገባቸው ቁጭ ብላ አታውቅም። አፈረች፤ ማፈሯ ደግሞ መልሶ አናደዳት።

ጓዳ ገባች። እንስራውን ከነዝፍዝፉ ጓሮ ወስዳ ደፋችው። ብርቱካንና ሎሚ ለሁለት ለሁለት ከፈለች፣ ልጣጩን ሳትነካ ውስጡን ብቻ በእጇ ጨምቃ፣ ፍሬውን በወንፊት አስቀርታ፣ ውኃ ቀላቀለችበት፣ ማር ጨመረች። በማንኪያ ቀመሰች፤ ፊቷን ጨምደድ አድርጋ ውኃ ጨመረች፤ እንደገና ቀመሰች። ጨጓራዋ ከወዲሁ ማጉረምረም ጀምሯል። ሁለት ብርጭቆ ይዛ ወጥታ መደቡ ላይ ከአማቷ ጎን ተቀመጠች። ከአንዱ እያዩዋት ተጎነጨችና ለእሳቸው ሰጠቻቸው። ሌላውን ለቄሱ አቀበለች፤ ቄሱም በሥጋት ተቀበሉ።

«እማማ፣ ካሁን ወዲያ መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው ይበሉኝ። ካልነገሩኝ ነው የምቀየምዎት። በአባ ፊት ነው የምልዎት።»

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ጠጡ። ትንሽ ቆም ብለው እንደገና ጠጡ። ብርጭቆው ተጋመሰ፤ ህይወት ጉሮሯቸው ሲወርድና ሲወጣ እያየች ራሷም አብራ ትውጣለች። አጋምሰው አላበቁም፤ እስከ ታች ጨለጡትና ባዶውን ብርጭቆ እጃቸው ላይ አዙረው አዩት።

«እህሳ?» አለች ህይወት።

አሮጊቷ ቄሱን አየት አደረጉ፤ ከዚያ ምራታቸውን።

«ማሩ አንሷል» አሉ።

ህይወት ብርጭቆውን ተቀብላ ተነሣች። ጓዳው በር ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች፤ ቀስ ያለ፣ ግን ከዚህ በፊት በዚህ ቤት ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ነው።

«ሽሮሽም ልጄ፣ ጨው ይበዛዋል።»