የሃፊዛ ሊንክ

እህቴ ሃፊዛ ዓረብ አገር፣ አል ሙሐመዲያ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። ኮንትራቷ ካለቀ ቆይቷል፤ ማዳም ግን ኹሩጅ፣ የመውጫ ፈቃድ፣ አልሰጥም ብላለች። ስልኳን ስለምትፈትሸውም መደወልም መጻጻፍም አይቻልም። ስለዚህ በምሠራበት ቢሮ፣ በፐርል ኮድ በተጻፈው ድረ ገጽ ጥግ፣ በስሟ አንድ ሊንክ ከፈትኩላት። ወዳጄ ጎበና መኪናውን የት እንደሚያቆም እዚያ አንብባ ትወጣለች፤ እሱም ወደ ሥራ ክርክር ቢሮ ያደርሳታል። ማዳም ቀድማ ሁሩብ፣ ማለትም ከቤት ጠፍታለች ብላ ካስመዘገበቻት አለቀላት።

ጠዋት ሊንኩን፣ ጎበና ሊቆምበት ባሰበው ሱቅ ስም፣ «አዳማ» ወደሚል ገጽ አዞርኩት። ማዞሪያ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጊዜያዊና ቋሚ። እንደ ቢሮው ልማድ ቋሚ አደረግኩትና «ኸላስ፣ አለቀ» ብዬ ተነሳሁ። ሃፊዛም ወዲያው ከፍታ አየችው። ማዳም ከዙህር ሶላት በኋላ ስትተኛ ደግማ አይታ እንድትወጣ እዚያው ጽፌላታለሁ።

ዙህር ሳይደርስ ጎበና ደወለ።

«ኑርዲን፣ አዳማ ማፊ፣ አይሆንም! ካፊሏ፣ ቪዛዋን ያወጣላት ሰውዬ፣ እዚያው ሱቅ በር ላይ ተቀምጧል። ጀለዊያ ሰፈር፣ መስጊዱ ጋ ነው የምቆመው።»

ሊንኩን ወደ «ጀለዊያ» አዞርኩት። የአዳማን ገጽ ደግሞ አጥፍቼ፣ እዚያ የሚመጣውን ሁሉ ወደ ሃፊዛ ሊንክ እንዲመልስ አደረግኩ፤ ይሄኛውን እንኳ ጊዜያዊ። በቢሮው ኮምፒውተር ሞከርኩት፤ ሠራ።

ሰርቨሩ የገባውን ጥያቄ የሚያሳይበትን መስኮት ከፍቼ ጠበቅኩ። ገባች። አዳማ። አዳማ። አዳማ። አዳማ። የራሷ ሊንክ አንዴም አልተጠየቀም። ስልኳ የጠዋቱን ቋሚ ማዞሪያ ይዞ ስለ ሊንኩ እኔን መጠየቅ ትቷል፤ በራሱ ወደ አዳማ ይሄዳል፣ አዳማ ወደ ሊንኩ ይመልሰዋል፣ እንደገና ወደ አዳማ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ!

ድንገት ቆመ። ስልኩ ታክቶት ስህተት አሳይቷታል ማለት ነው። የጠዋቱን አስታውሳ ካፊሏ እጅ ልትገባ ነው ብዬ ሰጋሁ።

ስልኳ ውስጥ ያለውን መንካት አልችልም። የሚሄድበትን ገጽ ግን እችላለሁ። የአዳማን ማዞሪያ ነቀልኩና እዚያው ጻፍኩ፦ «ሃፊዛ፣ አዳማ እንዳትሄጂ። ጀለዊያ፣ መስጊዱ ጋ።»

ምንም የለም። ያ አላህ፣ አንዴ ብቻ ደግማ ትክፈተው።

አዳማ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ዝም።

ዓስር ከተሰገደ በኋላ ጎበና ደውሎ ስልኩን ለእሷ ሰጣት። ማመልከቻዋን አስገብታለች።

«ገጹ እምቢ ሲለኝ አንተን የያዙህ መስሎኝ ልቀር ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን ደግመሽ ከፈትሽው?»

«አውቅህ የለ ኑርዬ! መጀመሪያ ታበላሻለህ፣ ኋላ ታቃናለህ።»

ሌላ ቀን ብትለኝ እቆጣት ነበር። ዛሬ አለቀስኩ።