ሰላሳ አንድ ቁጥር

«ሰላሳ አንድ! ስታንድ አፕ!» አለ ወንድይፍራው፣ የሟቹን አነጋገር እየኮረጀ፣ ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ እየወዘወዘ። ለቅሶ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሦስተኛው ቀን ነው። ሟቹ የዘጠና ሦስት ዓመት አዛውንት ስለሆኑ ትንሽ ሳቅ ነውር አይደለም። መጀመሪያ ቀን እንደ አገራቸው ደንብ አስከሬናቸው እንደሚቃጠል ሲሰማ ለቀስተኛው ደንግጦ እህል አልቀምስ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ድንጋጤው ለቀቀው። ሐበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለችው አፓርትመንት፣ የኪራይ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሁሉ ህንዳዊውን መምህር ሚስተር ሺሺር ጉሃን የሚያውቃቸው በአንድ ነገር ነው። ደሴ ሒሳብ ሲያስተምሩ አንድም ተማሪ በስሙ ጠርተው አያውቁም። ሁሉም ቁጥር ነበረው።

ወንድይፍራው ሰውን ያሳቀው እየከፋው ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ በሒሳብ ከጠቅላይ ግዛቱ አንደኛ ወጥቶ፣ ሽልማቱን ሊቀበል ሰልፉ ፊት ቆመ። መምህሩ «ሰላሳ አንድ፣ ቬሪ ጉድ» ብለው ጨበጡት። ለዚያች ቀን ከገጠር የመጡት አባቱ፣ አቶ አድማሱ፣ ከሰልፉ ኋላ ሆነው «ልጄ ስም የለውም እንዴ?» አሉ። ይህች ነገር እስከ ዛሬ ከውስጡ አልወጣችም።

ሎስ አንጀለስ ላይ፣ መምህሩን ከኢትዮጵያዊት ሚስታቸው ከወለዷት ከማዕዶት ዘንድ ሲያገኛቸው ግን እንደ አባት ነው የተጠመጠመባቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ሳንታ ሞኒካ ካለው የሆቴል ሥራው ሲወጣ ሐኪም ቤት አመላለሳቸው። ከመኪና ደግፎ ሲያወርዳቸው «ታንክ ዩ፣ ሰላሳ አንድ» ይሉታል። አንዲት ቀን ስሜን ቢጠሩኝ ምናለ እንዳለ፣ ሳይጠሩት ሞቱ። ዛሬ ከጸሎቱ በፊት ስለ እሳቸው እንዲናገር የተመረጠው እሱ ነው፤ ቅሬታውን በቀልድ ጠቅልሎ ሊናገር ቆርጧል።

ማዕዶት ብቻ አልሳቀችም። ወደ ኩሽና ጠራችው።

«ጋሼ፣ ሶሪ፣ ስትናገር የቁጥሩን ቀልድ ተወው።»

«ምነው? አባትሽ ማለት እኮ ያ ቁጥር ነው።»

«ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ነው የነገረኝ። ለእማዬም ነግሯት አያውቅም።» ፍሪጁን ተደገፈች። «እንግሊዞች ህንድን ሲገዙ፣ ቤንጋል ውስጥ፣ ባሪሳል የሚባል ከተማ አስተማሪ ነበር። ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ። አንድ ቀን ፖሊሶች ክላሱ ገቡ። ሱኩማር የሚባል ልጅ ነው የሚፈልጉት፤ እንግሊዞችን የሚቃወም ወረቀት በትኗል ተብሎ። መልኩን ግን አያውቁትም። ሶ፣ መኮንኑ ‹እንደ ሁልጊዜው ስም ጥራ› አለው።»

«እና?»

«ፈራ፣ ጋሼ። ጠራ። ልጁ ነቅቶ ዝም እንዲል ቀስ እያለ ነው የጠራው። ሱኩማር ሲል ግን ልጁ ብድግ አለ። ‹ፕረዘንት፣ ሰር› አለ። ልማድ ነዋ። ይዘውት ሄዱ፤ በአስራ አንደኛው ቀን እስር ቤት ሞተ። አስራ አምስት ዓመቱ ነበር።»

ወንድይፍራው ክው አለ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የቂም ቋጠሮ ይዞ የኖረው በእኚህ ሰው ላይ ነው? ቁጥሩ ማንም በስም ጠርቶ እንዳይወስዳቸው የተማሪዎቹ መደበቂያ ኖሯል፤ እሱ ግን ስድብ ነው ብሎ ነበር። አፈረ።

«ስሜንስ ያውቁት ነበር?» አለ።

ማዕዶት ከመሳቢያው የሆስፒታል ፎርም አወጣች። «ነርሷ ከልጅዎ ሌላ ለማን እንደውል ስትለው፣ አልመለሰላትም። እስክሪብቶ ጠየቀ።»

በገዛ እጃቸው ጽሕፈት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ወንድይፍራው አድማሱ ይላል፤ ከነአባቱ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል።

ሳሎን ሲመለሱ ማዕዶት ለጸሎቱ ከፓሳዴና ያስመጣችው የቤተ ክርስቲያኗ ወጣት ፓስተር መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ይጠብቅ ነበር። «ኦኬ፣ ተማሪያቸው ይናገራል ተብሏል። ጋሼ፣ ስምዎን ይንገሩንና ይቀጥሉ።»

ወንድይፍራው ተነሣ። ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። ወደ ሟቹ ፎቶ ዞሮ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ሰላሳ አንድ» አለ።

ለቀስተኛው ሳቀ፤ ቀልዱ እስኪቀጥል ጠበቀ። እሱ ግን ሌላ ቃል አልተናገረም። ቁጭ በል እንዳልተባለ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ማዕዶት መጥታ ክንዱን ይዛ እስክታስቀምጠው ድረስ።