የአራም ድርሻ

አራም የዓሣውን ስንጥብ በአውራ ጣቷ ገልጣ አየች። ቀይ ነው፤ ያደረ ዓሣ አይደለም። ልትገዛው አፏን ስትከፍት ሽታው ገባባት። ዞር ብላ አሸዋው ላይ ተፋች።

"ምነው? ሸተተሽ እንዴ?" አለ ጎራ ከጀልባው ጫፍ ላይ ሆኖ። ጎራ የባሏ የመጌት ባልንጀራ ነው። "ገና አሁን የወጣ ዓሣ እኮ ነው! ዐይኑን እዪው፣ ካንቺ ዐይን ይልቅ ያበራል።"

"ዓሣህ ደህና ነው። እኔ ነኝ።"

"ዓሣ ነጋዴ ዓሣ ሲሸታት ዛሬ ገና አየሁ። ነገ ደግሞ ባሕሩ ሸተተን ብለን እንሸሻለን።"

ጀልባ የሚጎትቱት ወንዶች ሳቁ። እሷም ጥርሷን አሳየቻቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ ከመንደሯ ከዮፍ የባሕር ዳርቻ ዓሣ እየገዛች ከተማ ወስዳ ትሸጣለች። ልብሷም አልጋዋም ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር፤ እሷ ግን ሽታውን አታውቀውም ነበር። ሆዷ በቀዶ ጥገና ከተቆረጠ ወዲህ አወቀችው። ዓሣው ብቻም አይደለም። የጋለ ዘይት፣ የሽንኩርት ጭስ፣ የሰው አፍ ሲያላምጥ የሚያሰማው ድምፅ፣ ሁሉም ያቅለሸልሻታል።

ቅርጫቷን ሞልታ ልታነሳ ጎንበስ አለች። ብድግ አደረገችው። ቅርጫቱም እሷም አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ጎራ ሳቁን ተወ።

"አራም፣ እህል ትበያለሽ?"

"እበላለሁ።"

"ይህን የሚያህል ቅርጫት ደራርበሽ ትሮጪ የነበርሽ ሴት ነሽ እኮ።" ከጀልባው ሆድ ውስጥ መዳፍ የምታህል ነጭ ዓሣ አውጥቶ ወረወረላት። "ይህቺ አትሸጥም። ለሆድሽ ናት። ለብቻሽ ብያት።"

ዓሣዋን በረዶ ውስጥ ከትታ እንዳበቃች ስልኳ ጮኸ። ማዳም ሳምብ ነበረች፤ የአራምን ሆድ በቀዶ ጥገና ያጠበበው ክሊኒክ የአመጋገብ ነርስ።

"ወይዘሮ አራም፣ የደምዎ ምርመራ መጣ። መጥፎ ነው።"

"እሺ።"

"እሺ አይደለም። በየቀኑ የሳህንዎን ፎቶ ይልኩልኛል። ዓሣ አለው፣ እንቁላል አለው፣ እርጎ አለው። በፎቶው ከሄድን በቀን ዘጠኝ መቶ ካሎሪ ይበላሉ፤ የተባሉትም ያንኑ ነው። ደምዎ ግን የራበው ሰው ደም ነው። ማነው የሚዋሸው?"

አራም ባሕሩን አየች።

"ፎቶውን አነሳና..."

"ያነሱና?"

"ለድመቷ እሰጣለሁ።"

"እንግዲያው ድመቷ ወፍራለች። ወይዘሮ አራም፣ ሆድዎን ያጠበብነው ትንሽ እንዲበሉ ነው እንጂ ጭራሽ እንዳይበሉ አይደለም። ፀጉርዎ ይረግፋል?"

"ይረግፋል።"

"ሰኞ ይምጡ። እስከዚያ መብላት ካልጀመሩ አስተኝቼ በአፍንጫዎ ቱቦ አስገብቼ ነው የማበላዎት። አልቀልድም። ሩዙም ዘይቱም ይቅር። ስኳር በጭራሽ! ዓሣ፣ እንቁላል፣ ባቄላ። ትንሽ ትንሽ፣ በራስዎ ሳህን።"

በራስዎ ሳህን። ነርሷም የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ምን እንዳለች ታውቃለች። ዮፍ ውስጥ በራሱ ሳህን የሚበላ ወይ የታመመ ነው፣ ወይ የተጣላ።

ያን ቀን በባሏ ታላቅ እህት በንዴላ ግቢ የሕፃን ስም ማውጫ ድግስ ነበር። የንዴላ ልጅ ወልዳለች። ድንኳን ተጥሏል፤ በግ ታርዷል፤ ሴቶቹ ጥልፍ ልብሳቸውን ለብሰው ምንጣፍ ላይ ሞልተዋል። አራም የሚሸጠውን ዓሣ ለጓደኛዋ አስረክባ፣ የጎራን ዓሣ ከበረዶ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ታጥባ፣ የድሮ ሰፊ ቀሚሷን ለብሳ ገባች። ቀሚሱ እንደ ድንኳኑ ተንጠልጥሎባታል። ከእጅጌው ስር የክንዷ ቆዳ እንደ ባዶ ከረጢት ይወዛወዛል። እሷም ላለማየት እጇን ሸፍና ተቀመጠች።

"የወንድሜ ሚስት!" ንዴላ ከሩቅ ጮኸች። ትልቅ ሴት ናት፤ ስትራመድ ወርቋ ይንኳኳል። "ነይ፣ እዚህ አጠገቤ። ምነው እንዲህ ሆንሽ? ንፋስ ይዞሽ እንዳይሄድ ድንጋይ ልሰርብሽ?"

ሴቶቹ ሳቁ።

"ሳቁ እናንተ። እኔ ግን የገበያውን ወሬ እሰማለሁ። መጌት ባሕር ላይ ሲከርም ሚስቱን በረሃብ ፈጃት ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ያ በሽታ ይዟት ነው ይላሉ። የኛ ቤት ስም እኮ ነው አንቺ ትከሻ ላይ ያለው! ይህቺ ልጅ ወደኛ ስትመጣ የመጥረጊያ እንጨት ታክል ነበር። እኔ ነኝ በዚህ እጄ ያወፈርኳት። በግራ በቀኟ ሁለት ሰው ተቀምጦ ከቦታዋ አይገፋትም ነበር።"

እውነቷን ነው። ንዴላ በእጇ አጉርሳ አወፍራታለች፤ በፍቅር ነው ያደረገችው። ከዚያ አራምን ስኳር በሽታ ያዛት፤ ጉልበቷም ደረጃ እንቢ አለ። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠልሽ እግርሽ ይቆረጣል አላት። እሷና መጌት መክረው ሆዷን አስቀነሱ። ለንዴላ ግን የጨጓራ ቁስል ነው አሏት። ቁስል ይድናል። የዳነ ሰው ደግሞ ይበላል። ንዴላ እስከዛሬ የምትጠብቀው ይህንን ነው።

የጠዋቱ ገንፎ መጣ። የዘንጋዳ ገንፎ፣ በላዩ ስኳር የበዛበት እርጎ እስከ ጠርዝ የፈሰሰበት፣ ዘቢብ የተበተነበት። ከገበታው ዙሪያ ማንኪያዎች ወረዱ። እርጎው በአገጭ ላይ ይወርዳል፤ ማንኪያው ከአፍ ወደ ገበታው፣ ከገበታው ወደ አፍ ይመለሳል። አራም አንገቷን ደፋች። ሰው ሲበላ አጠገቡ ተቀምጦ ማየት የማይከብደው ራሱም መብላት የሚያምረው ብቻ ነው።

"እትዬ ንዴላ፣ ጣፋጭ አልችልም። ሐኪሙ..."

"ሐኪሙ የልጅ ልጄን ስም አያወጣም። የሕፃን ገንፎ እንቢ አይባልም፣ ዕድሉን ትዘጊበታለሽ። ክፈቺ!"

ማንኪያው ከንፈሯ ላይ ደረሰ። ሁሉም ያያታል። ከፈተች። አንድ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ንዴላ በመዳፏ የአራምን አገጭ ጠረገችላት፤ እጇ እርጎና ሽቶ ይሸታል።

ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ ልቧ እንደ ተሳደደ ዶሮ መምታት ጀመረ። ላብ ከፀጉሯ ሥር እስከ ወገቧ ወረደ። ተነስታ ድንኳኑን ዞራ በጎቹ ታስረው ካደሩበት ማዕዘን ደረሰችና ግድግዳውን ተደግፋ አስመለሰች። የወጣው ነጭ ነበር፣ ዘቢቡ እንዳለ። በፋንድያው ላይ ዝንቦቹ ተሰበሰቡበት። አራም ዝንቦቹን አየቻቸው። እነሱ እንኳ ይበላሉ፣ አለች በልቧ።

ከኋላዋ እልልታ ተሰማ።

"አስመለሳት! በስም ማውጫ ቀን አስመለሳት!" ንዴላ ናት። "በሽታም ረሃብም አይደለም! ክሳቱ የጽንስ ክሳት ነው! ወንድ ነው፣ እናቱን እንዲህ የሚያደርቅ ወንድ ነው!"

ሴቶቹ እልልታውን ተቀበሉ። አንዷ የአራምን ሆድ ዳበሰች። የላላው ቆዳ ከእጇ ስር ሲንሸራተት ፈገግታዋ ቆመ፤ እጇን መልሳ በቀሚሷ ጠረገች። አራም መጥረጓን አየች። 

ከግቢው ጥግ፣ ጥላ ውስጥ፣ አሮጊቷ ዳሮ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የመጌትና የንዴላ አክስት ናት። ጥርስ የላትም፤ በየማታው በዚሁ ግቢ ገበታ ሲቀርብ ግን ሁልጊዜ ከአራም ጎን ናት። አራም ሄዳ ከእግሯ ስር ተቀመጠች።

"አርግዘሻል?" አለች ዳሮ።

"አላረገዝኩም እማማ።"

"አውቃለሁ። ያረገዘች ሴት እንደዚህ አትሸትም። የራበው ሰው ትንፋሽ ነው ያለሽ። ልጄ፣ የኔ ቀሚስ ሰሞኑን ጠቦኛል። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

አራም ቀና ብላ አየቻት።

"ያንቺን እየበላሁ ነው። ንዴላ ወዳንቺ ትገፋለች፣ አንቺ በጣትሽ ወደኔ ትገፊያለሽ። ዐይኔ ደከመ እንጂ አልጠፋም። ሰው ሁሉ ካንቺ ፊት ሲያልቅ ያይና በላች ይላል።"

"አውቀው ነው ዝም ያሉት?"

"ጣፍጦኝ ነዋ!" አሮጊቷ ድዷን አሳይታ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። "አሁን ግን አስጠልቶኛል። ትናንት ያንን የዓሣ ጉንጭ ስውጥ የሬሳ ድርሻ የበላሁ መሰለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አደረ። ዛሬ አልበላልሽም። ወደኔ ብትገፊ እጄን አጣጥፌ ነው የምቀመጠው። ሁሉም ያይሻል።"

"እማማ፣ ዛሬን ብቻ።"

"ዛሬን ብቻ ስትዪ ሞትሽ።"

የምሳው ሩዝ ሽታ ከማድቤት መጣ። የበግ ጮማ፣ ሰናፍጭ፣ የጠቆረ ሽንኩርት። አራም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሰኞን አሰበች። ቱቦውን አሰበች፤ በአፍንጫዋ ገብቶ በጉሮሮዋ ሲወርድ። ለንዴላ እንኳ አፏን ራሷ ነበር የከፈተችው። ቱቦው ግን ክፈቺም አይላትም።

ተነሳች። ቦርሳዋን ይዛ ማድቤት ገባች።

አብሳዮቹ በላብ ተጠምቀው ከድስቱ ስር የተቃጠለውን ሩዝ ይፍቃሉ። አንዷ ዘይት የጠጣ ቅርፊት አፏ ውስጥ እየቀረጠፈች "ምን ጎደለ?" አለቻት። አራም አልመለሰችም። ትንሽ ብረት ድስት ፈልጋ ውኃ ጣደች። የጎራን ዓሣ ከቦርሳዋ፣ ከበረዶው ውስጥ አወጣች። የዓሣውን ሆድ ስትሰነጥቅ አንጀቱ ጣቷ ላይ ተጠመጠመ፤ ፊቷን አዙራ ተነፈሰችና መልሳ ጠረገችው። ጨው፣ ሎሚ፣ ሌላ ምንም። ከጎኑ እንቁላል ቀቀለች። ዓሣው ሲበስል የሻይ ሳህን ላይ አወጣችው። ሳህኑ ጠርዙ የተሸረፈ ነበር።

ይዛው ስትወጣ ሴቶቹ ገበታውን ከብበዋል። ከንዴላና ከዳሮ መሀል ያለው ቦታ ባዶ ነው። አራም ተቀመጠች፤ ሳህኗን ከጉልበቷ ፊት አደረገች።

የንዴላ እጅ ሥጋ እየቦጨቀ ነበር። ጮማው ከጣቶቿ ወደ አንጓዋ ይወርዳል። እጇ ቆመ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ምሳዬ።"

"ምሳችን እዚህ አለ። በቤቴ፣ በልጅ ልጄ ቀን፣ ለብቻሽ ሳህን? ምግቤ ይመርዛል? ሰው ሁሉ እያየ?"

"አይመርዝም፣ እትዬ። እኔ ነኝ የማልችለው። አላረገዝኩም። ቁስልም አልነበረብኝም። ሆዴን ነው ያስቆረጥኩት። የቀረችኝ ሙዝ የምታህል ናት። ካሁን በኋላ ይኸው ነው።"

ማንኪያዎቹ ሁሉ ቆሙ። አንዲት ሴት ጉርሻዋን ሳትውጥ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ሩዙ ምላሷ ላይ ይታያል።

"ማን አስገደደሽ?" የንዴላ ድምፅ ዝቅ አለ።

"ማንም።"

"ወንድሜ ያውቃል?"

"ያውቃል።"

ንዴላ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ መጀመሪያ ፊቷን፣ ከዚያ ሆዷን፣ የሞተ ነገር እንደሚታይ አድርጋ። "እኔ በእጄ የሞላሁትን ሆድ፣" አለች፣ "ገንዘብ ከፍለሽ ቆርጠሽ ጣልሽው። የት ጣሉት? ለውሻ?"

"አልጠየቅኩም።"

"ያስጠላል!"

"ያስጠላል እትዬ። እኔንም ያስጠላኛል።"

ንዴላ የበጉን ጮማ ቦጭቃ በገበታው ላይ ወደ አራም ፊት ገፋችው። በኃይል ነው የገፋችው፤ ሩዙን እየገመሰ መጥቶ ጠርዙ ላይ ቆመ፣ ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ። የአራም ጣት ከልማዱ ወደ ጮማው ሄደ። ወደ ዳሮ ዞር አለች። አሮጊቷ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ወደ ድንኳኑ ጣሪያ ታያለች።

አራም ጮማውን አነሳች። ይዛው ቆየች። ከዚያ ክንዷን ዘርግታ፣ ቆዳው በሁሉም ፊት እየተወዛወዘ፣ ንዴላ ካነሳችበት ከገበታው መሀል መለሰችው።

ንዴላ ለአራም የተቀመጠውን ማንኪያ አንስታ ከኋላዋ ምንጣፉ ላይ ጣለች። "ብሉ እናንተ!" አለች ለሌሎቹ። "ሩዙ ቀዘቀዘ።" ጀርባዋንም ሰጠቻት።

አራም ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ፎቶ አላነሳችም። ከዓሣው ጥፍር የምታህል ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገች። ሽታው በአፍንጫዋ ወጣ። ጉሮሮዋ ተዘጋ። ጠበቀችው። ሲከፈትላት ዋጠች፤ ሌላ ቆረሰች።