በፍሬም ልትሸፈን የነበረችው ቢጫ

አብነት ሰፈር ውስጥ ለስዕሎቼ ፍሬም የሚሠሩልኝ ጋሽ አብዱሰመድ የሚባሉ አናጢ ናቸው። ባለፈው ጥር ትልቁን ስዕሌን ሰጥቻቸው በሳምንቱ ስመለስ ምንም ሳይነካ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አገኘሁት።

«ምነው ጋሽ አብዱሰመድ? ኤግዚቢሽኑ እኮ ሐሙስ ነው።»

«እንጨቱ ጠርዙን ይበላዋል» አሉኝ። «ይቺን ቢጫ ይሸፍንብሻል። ደፍሬ መቁረጥ አቃተኝ።»

ስዕሉ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነው፤ ከታች ጠርዙ ላይ ብቻ ክር የመሰለች ቢጫ መስመር አለች። እናቴ ከሞተች በኋላ ዓመት ሙሉ ብሩሽ ሳልይዝ ቆይቼ የሳልኩት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ያየው ሁሉ «ምንድን ነው?» ይለኛል። ቢጫዋን ያስተዋላት ግን አልነበረም።

«ለእርስዎ ምን ሆና ታየችዎት?» አልኳቸው።

መላጊያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ አማል በሦስት ወሯ ታማ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛች። እናቷ ከውስጥ፣ እኔ ኮሪደር ላይ። መስኮት የለው፣ ጨለማ ነው። የማየው በበሩ ሥር የምትወጣውን ብርሃን ብቻ ነበር። ብርሃኗ እስካለች ልጄ አለች እል ነበር። ይኸው፣ ይቺ ናት።»

አማል ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት።

ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ስለሆነ ባለቤታቸውን ሚስራን ጠሩ። ሚስራ እጃቸውን እየጠረጉ መጥተው፣ ባላቸው ስለ በሩ ብርሃን የነገሩኝን ሲደግሙላቸው ስዕሉ ፊት ብዙ ቆሙ።

«እኔ ብርሃኑ ጋ ነበርኩ» አሉ በመጨረሻ ወደ ባላቸው ዞረው። «አንተ ጋ እንዲህ ጨልሞ ነበር? ሃያ ዓመት ሙሉ አልነገርከኝም እኮ!»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ቃል አልነበረኝም።»

ሚስራ የባላቸውን እጅ ያዙ። ወደ እኔም ዞረው «አላህ ይስጥሽ ልጄ» አሉኝ። ያኔ ለማንም ያልተናገርኩትን፣ የእናቴን ነገር፣ አወራኋቸው።

«ታዲያ ቢጫዋ እናትሽ ናት?» አሉ ጋሽ አብዱሰመድ።

«እንጃ። ግራጫውን ስጨርስ እጄ ቢጫውን አነሳ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

«መትረፍሽ ነዋ!» አሉ ሚስራ፣ ምን ያስጠይቃል በሚል ድምፅ።

ጋሽ አብዱሰመድ ሜትራቸውን አውጥተው እንደገና ለኩ፤ ፍሬሙን ቢጫዋን እንዳይሸፍን ከስዕሉ አንድ ጣት ያህል አርቀው ሊሠሩት ወሰኑ። እኔ ታክሲ አልያዝኩም፤ በእግሬ ወደ ልደታ ማርያም ሄድኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለማልቀስና ለመለመን ነበር። የዚያን ቀን ግን ደጁን ስሜ፣ አመስግኜ ብቻ ተመለስኩ።